171 ሜትር ያልሞላው የዴንማርክ ቁንጮ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ይህን የምጽፍልሽ በዩትላንድ ምድር፣ ስካንደርቦርግ አካባቢ የሚገኘውን ሞለሆይን ካየሁ በኋላ ነው። ግሪንላንድንና የፋሮ ደሴቶችን ትተን ዴንማርክን ብቻ ብንወስድ ከዚህ ጉብታ የሚበልጥ ከፍታ የላትም፤ እሱም ከባሕር ወለል በላይ 170.86 ሜትር ብቻ ነው። «የራስ ዳሸን አገር ልጅ ለዚህ ምን አደከመህ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ታላቅ ተራራ የተፈጥሮን ኃይል ያሳያል፤ እንዲህ ያለው ዝቅተኛ ቁንጮ ግን ሰዎች ስለ ገዛ ምድራቸው እውነቱን ለማወቅ ምን ያህል እንደሚተጉ ያሳያል ባይ ነኝ።

የዚህ አገር ጉብታዎች በአብዛኛው በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ገፍቶ የከመረው አፈር፣ አሸዋና ጠጠር ናቸው። ቁመታቸው ስለሚቀራረብ የትኛው እንደሚበልጥ ዓይን አይለይም። እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ድረስ የአገሪቱ ቁንጮ ተብሎ ይታመን የነበረው 147 ሜትሩ ሂመልቢየርት ነበር፤ ሲለካ ግን 170.35 ሜትር ያለው ኤየር ባውነሆይ በለጠው። ዩዲንግ ስኮውሆይ በላዩ ካለው የነሐስ ዘመን መቃብር ጋር 172.54 ሜትር ይደርሳል፤ ሰው የከመረው አፈር ሲቀነስ ግን 170.77 ይሆናል። በ2005 ደግሞ ቀድሞ የነፋስ ወፍጮ ቆሞበት የነበረው ሞለሆይ በ9 ሳንቲሜትር በልጦ ተገኘ።

በ9 ሳንቲሜትር መከራከር ከንቱ ነው የሚል ይኖራል። ልዩነቱ እህል እንደማያበቅል እኔም አምናለሁ። ሆኖም ጥንቃቄ የሚፈተነው ልዩነቱ ሲጠብብ ነው፤ ማንም ሳያስገድደው ትንሹን ስሕተት የሚያርም ሰው ሊታመን ይገባዋል። «እርማቱ የቀደመውን ክብር አያፈርስም ወይ?» ለሚልም መልስ አለ፦ ሰሜን ሽሌስቪግ ወደ ዴንማርክ መመለሱን ለማሰብ በ1924 በኤየር ባውነሆይ የተሠራው 13 ሜትር ግንብ ዛሬም ይጎበኛል፤ የሚያስታውሰው የሕዝብን አንድነት እንጂ የጉብታውን ብልጫ አይደለምና። እኛስ ብንሆን ራስ ዳሸንን 4,620 ሜትር ብለን አልተማርንም? የኋለኞቹ ልኬቶች ወደ 4,550 ገደማ ዝቅ ቢያደርጉትም ከተራራው አንድ ድንጋይ አልጎደለም፤ የተሻሻለው የእኛ ዕውቀት ነው።

ስለዚህ ለልጆችሽ የተራራችንን ከፍታ ስትነግሪያቸው ቁጥሩ በልኬት የተገኘ፣ ልኬቱ ሲሻልም የሚታረም መሆኑን ጨምረሽ ንገሪያቸው። አገርን መውደድ እውነተኛ ልኳን መፈለግንም ይጨምራልና።



ወንድምሽ