የካርቶን ንድፎቹ

የመኪና ጥልፍ ሲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ልጅ ሳለሁ፣ ከኩልፎ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ሲቀላ በተባለው ሠፈር፣ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ነው። አክስቴ ለጥምቀት ቀሚስ ልታሰፋ ይዛኝ ሄዳ፣ እሷ ዋጋ ስትከራከር እኔ ዓይኔን ከመኪናው ላይ መንቀል አቃተኝ።

መኪናው በእግር የሚመታ አሮጌ ሲንጀር ነበር። ሰፊው በመጀመሪያ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር ፈትቶ አወጣ። ከስር ሆኖ ጨርቁን ወደ ኋላ የሚስበውን ጥርስ ደግሞ በስስ ቆርቆሮ ሸፈነው። ከዚያ ጨርቁን በሁለት የእንጨት ቀለበቶች መካከል ወጥሮ መርፌው ስር አስገባ። ከዚህ በኋላ ጨርቁን የሚነዳው መኪናው መሆኑ ቀርቶ የሰውየው ጣቶች ሆኑ። እጁ ከፈጠነ ስፌቱ ይረዝማል፤ ከዘገየ ክሩ አንድ ቦታ ይከመርና ይበጠሳል። የእግሩ ምትና የእጁ እርምጃ ሲስማሙ ግን አበባው ከመርፌው ስር እየፈካ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ከጀርባው ግድግዳ ላይ፣ በሲባጎ ታስረው ምስማር ላይ የተንጠለጠሉት ካርቶኖች ነበሩ። ከሳሙናና ከጫማ ማሸጊያ ተቆርጠው፣ ከአያያዝ ብዛት ጠርዛቸው ወዝቷል። መስቀሎች፣ ቅጠሎች፣ ሐረጎች፣ ጨረቃ የመሰሉ ቅስቶች ነበሩባቸው። አብዛኞቹ ግማሽ ብቻ ናቸው። ሰውየው መጀመሪያ በእንጨት ማስመሪያ ከአንገት እስከ ጠርዝ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያወርዳል። ግማሹን ካርቶን መስመሩ ላይ አስደግፎ በእርሳስ ይዞረዋል፤ ከዚያ ገልብጦ ሌላውን ጎን ይስላል። ጨርቁ ጥቁር ሲሆን እርሳሱን ትቶ ስስ ሳሙና ያነሳል። በየካርቶኑ ጥግ «የሙሽራ»፣ «የሕፃን»፣ «ለሰፊ ደረት» የሚል ጽሑፍ አለ።

«ጋሼ፣ ሳይስሉ መጥለፍ አይችሉም?» አልኩት።

«እችላለሁ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ግን ግራና ቀኙ ይጣላብኛል። ለባሿ ደግሞ እኔ ሳልሆን አክስትህ ናት።»

ያን መልስ በደንብ የተረዳሁት ቆይቼ፣ ወደ ጨንቻ መንገድ ወጥቼ የዶርዜን ሸማኔዎች ሥራ ሳይ ነው። እዚያ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ሸማኔው ከሽመና ዕቃው ስር ባለው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ፣ ዱንጉዛ የሚባለውን ጨርቅ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ሲያወጣ ፊቱ ምንም ንድፍ የለም። ክር ይቆጥራል እንጂ አይስልም። ድሩ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል፣ ማጉ አግድም ይሄዳል፤ ማስመሪያው እዚያው ሸማው ውስጥ አለ። ጥልፍ ጠላፊው ግን ጨርቁን ወደፈለገበት ማዞር ስለሚችል፣ እጁን የሚመልስለት ድርና ማግ የለውም። በሲቀላው በረንዳ ያን ሥራ የሚሠራው ካርቶኑ ነበር።

ዓመታት አልፈው በሌላ አገር ብርድ ልብስ የሚሰፉ ሰዎችን ሥራ በቪዲዮ ስመለከት ያው በረንዳ ትዝ አለኝ። የላይ ጨርቅ፣ መሃል ላይ ጥጥ፣ ከስር ደግሞ ሌላ ጨርቅ ደርበው፣ የመኪናውን ጥርስ አውርደው በእጃቸው እየነዱ ይሰፋሉ። እነሱ ንድፉን አስቀድመው ከመሳል ይልቅ፣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ ጨርቁ ላይ ተጭነው ይይዛሉ፤ ክብ የሆነው የመኪናው እግር ጠርዙን ታክኮ ይሄዳል። ማስመሪያው ስስ ቢሆን እግሩ ይወጣበትና መርፌ ይሰበራል። ከመርፌው እስከ እግሩ ጠርዝ ያለው ርቀትም ያው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ማስመሪያው የሚቀመጠው መስመሩ ላይ ሳይሆን በዚያ ልክ ራቅ ብሎ ነው። መሣሪያው ይለያል፤ ጥንቃቄው ግን የሰፊያችን ጥንቃቄ ነው።

ዛሬ የኮምፒውተር ጥልፍ መጥቷል። ንድፉ ፋይል ሆኖ ይገባል፣ መርፌው በራሱ ይሄዳል፣ ሥራውም ያምራል፣ ቶሎም ያልቃል። መምጣቱ አያስከፋኝም። የሚያሳዝነኝ አሮጌዎቹ ካርቶኖች ከቆሻሻ ጋር ተጠርገው ምድጃ ውስጥ መግባታቸው ነው። እያንዳንዱ ካርቶን አንድ ሰው ስንት ዓመት የሰውን ደረትና አንገት ለክቶ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና ቆርጦ የደረሰበት ልክ ነው። የየሠፈሩ ሙሽሮች ምን እንደለበሱ የሚነግረን ሌላ መዝገብ የለንም።

ስለዚህ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ልብስ ሰፊ ከነበሩና ዛሬ ቤት ስታጸዱ በሲባጎ የታሰሩ ካርቶኖች ብታገኙ አትጣሏቸው። በአዲስ ካርቶን ገልብጧቸው፣ ፎቶ አንሷቸው፣ ማን እንደቆረጣቸውና ለምን ልብስ እንደነበሩ ጻፉባቸው። የኮምፒውተር ጥልፍ የምትሠሩ ልጆችም ከውጭ የመጣ ንድፍ ከማውረዳችሁ በፊት በሠፈራችሁ ያለውን አንድ አረጋዊ ሰፊ ጠይቁ፤ ካርቶኖቹን በደስታ ያሳያችኋል።