እማዬና ሌክ ካውንቲ

እናቱን ከአገር ቤት ያስመጣ ሰው ይሄን ታሪክ ግማሹን ያውቀዋል። የመጀመሪያው ወር ሠርግ ነው። በርበሬውና ሽሮው ከሻንጣ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ የሚያውቅም የማያውቅም አበሻ "እንኳን ደህና መጡ" እያለ ይመጣል። በሁለተኛው ወር ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይመለሳል። እሷ ወንበሯን መስኮቱ ጋ ትስባለች። በሦስተኛው ወር ትኬቷን ያስቀመጠችበትን ቦርሳ መነካካት ትጀምራለች።

የኔዋ እማዬ ሦስተኛውን ወር አልጠበቀችም። ሚኒያፖሊስ በገባች በስድስተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ሳሎን ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት።

"ምነው እማዬ፣ መብራት አታበሪም?"

"ማን ሊያየኝ?" አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የኖርሽበትን አገር እስቲ አሳዪኝ። ካልሆነ ትኬቴን አስቀይሪልኝና ልሂድ።"

ምን ላሳያት? ሌሊቱን ሳስበው አፈርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሚኒሶታ ኖሬ የማውቀው የሥራ ቦታዬን፣ ቤተ ክርስቲያናችንን፣ የአበሻ ሱቁንና አየር ማረፊያውን ነው። አየር ማረፊያውንም የማውቀው ሰው ስቀበልና ስሸኝ ነው።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ለአንዲት ፈረንጅ ሴትዮ አዋየኋት። ትልቅ ሰው ናት፣ ጡረታ ልትወጣ የቀራት ጥቂት ነው። "ወደኛ አገር ውሰጃታ" አለችኝ። "ወደናንተ" ያለችው ሌክ ካውንቲን ነው። ስሙ ሲተረጎም "የሐይቅ አውራጃ" እንደ ማለት ነው። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ነድታችሁ ዱሉዝ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ በ61 ቁጥር መንገድ ሐይቁን በቀኝ ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ስትሄዱ ቱ ሃርበርስ የምትባል የወደብ ከተማ ትመጣለች። ካውንቲው እዚያ ነው።

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ወሰድኳት። ዱሉዝ ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ሐይቁ ድንገት ወለል አለ።

"ባሕር!" አለች እማዬ።

"ሐይቅ ነው፤ ሌክ ሱፒሪየር ይባላል።"

"ሐይቅ ከሆነ ማዶው የታለ?"

እማዬ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ስለ ሐይቅ ለሷ ማስረዳት አይቻልም። በቆዳ ስፋት ከዓለም ጨው አልባ ሐይቆች የሚበልጠው የለም፣ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ጣናን ሃያ ሰባት ጊዜ ያህል ይሆናል ብላት ጭራሽ አላመነችኝም። ቱ ሃርበርስ ስንደርስ ቀጥ ብላ ወደ ውኃው ወረደች፣ ጣቷን ነከረችና ቀመሰችው። "እውነትም ጨው የለውም" አለች። ከዚያ በኋላ ነው ያመነችኝ።

ቱ ሃርበርስ ላይ ከብረት ማዕድን መጫኛው ማዶ ቆመን አንድ መርከብ ስትጫን አየን። ከዚያ ወደብ ማዕድን መጫን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። አንዳንዶቹ መርከቦች 300 ሜትር ይረዝማሉ። እማዬ ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ለካችውና "ይሄ'ኮ ቀበሌ ነው" አለች።

ከዚያ ጉዝቤሪ ፎልስ ሄድን። ፏፏቴዎቹ ተከታትለው የሚወርዱ ናቸው፣ ከመኪና ማቆሚያው ብዙ አያስኬድም፣ ለመግቢያም አይከፈልም። "ጢስ ዓባይን ላየ ሰው ይሄ ሕፃን ነው" አለች። እንዲህ ብላም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁለት ሰዓት አልነሳም አለችኝ። ልጆች በባዶ እግራቸው ውኃው ውስጥ ይሯሯጣሉ። አላፊ አግዳሚው ነጠላዋን እያየ ፈገግ ይልላታል፣ እሷም አንገቷን ዝቅ አድርጋ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ትላለች። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከቤት ውጭ ከሰው ጋር ሰላምታ ስትለዋወጥ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ትኬት የሚባለው ነገር ለጊዜው ቀረ።

በመስቀል ሰሞን ደግመን ሄድን። እዚያ አገር የመስከረም መጨረሻ ማለት ቅጠሉ ቀለም የሚቀይርበት ጊዜ ነው። ከሐይቁ ራቅ ብሎ ኮረብታው ላይ ያለው ሜፕል የሚባለው ዛፍ መጀመሪያ ይቀላል፤ ወደ ዳርቻው ያሉት ነጫጭ ግንድ ያላቸው ዛፎች ደግሞ ቆየት ብለው በጥቅምት ቢጫ ይሆናሉ። "አገሩ ሁሉ አደይ አበባ ሆኗል" አለች እማዬ፣ ፎቶ አንሺኝ አለች፣ ለእህቶቿ ላከች።

የዚያን ቀን ቴተጉሽ የሚባለው ፓርክ ገባን። ውስጡ የሚያልፈው ወንዝ ስሙ ባፕቲዝም ሪቨር ነው። "ምን ማለት ነው?" ስትለኝ "የጥምቀት ወንዝ" አልኳት። ቆመች። "ትቀልጃለሽ?" አልቀለድኩም፣ ካርታው ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው። 18 ሜትር ገደማ ከሚወረወረው ፏፏቴ ለመድረስ ዳገትና ቁልቁለት መንገድ አለው። እኔ ሁለቴ አረፍኩ፣ እሷ አላረፈችም። ወንዙ ዳር ስትደርስ አማተበች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ከዚያ ዘወር ብላ እኔ ላይ ረጨችብኝ። ውኃው በረዶ ነው። ጮህኩ። "ሰይጣንሽ ነው የጮኸው" አለችኝ። አጠገባችን የነበሩት ፈረንጆች ምን እንደተባለ ሳይገባቸው አብረውን ሳቁ።

ስንመለስ ፊንላንድ የምትባለውን ትንሽ ከተማ አሳየኋት። ከፊንላንድ የመጡ ሰዎች የሰፈሩባት ናት። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ቅዱስ ኡርሆ የሚባል "ቅዱስ" ያከብራሉ። ቅዱሱ በእውነት የነበረ ሰው አይደለም፤ በ1950ዎቹ እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ ለጨዋታ የተፈጠረ ነው። እማዬ ተቆጣች። "ቅዱስ ይፈጠራል እንዴ? ነውር አይደለም?" ምን አድርጓል ይባላል ስትለኝ፣ ከፊንላንድ አንበጣ አባሮ የወይኑን አዝመራ አዳነ ይባላል አልኳት። ትንሽ አሰበችና "አንበጣ ካባረረስ ይሁንለት" አለች።

አሁን ወደ ኅዳር ልምጣ። ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩትም በሱ ምክንያት ነው።

ያቺ የሥራ ባልደረባዬ "ኖቬምበር 10 ሳታሳያት እንዳትሸኛት" ብላኝ ነበር። ኖቬምበር 10 በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 1 ነው። የሥራ ቀን ነው፣ ይበርዳል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ኦቨርታይምም አለ። ልተወው ነበር። እማዬ ናት "ልደታ ናት፣ እንሂድ" ያለችው።

ሌክ ካውንቲ ውስጥ ስፕሊት ሮክ የሚባል ላይትሀውስ አለ፤ መርከቦች በሌሊት ከድንጋይ ጋር እንዳይጋጩ የሚመራ የመብራት ማማ ማለት ነው። ከውኃው 40 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ገደል አናት ላይ ተቀምጧል። የተሠራበት ምክንያትም ኅዳር ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1905 ማዕበል ተነስቶ 29 መርከቦችን ጎዳ። ከዚያ መንግሥት ገንዘብ መደበ፣ መብራቱም በ1910 ሥራ ጀመረ። በዚያን ጊዜ መኪና መንገድ ስላልነበረ ጡቡም ብረቱም በመርከብ መጥቶ ገደሉን በማንሻ ነው የወጣው። በ1969 አገልግሎቱ ቆመ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው።

በዓመት አንድ ቀን፣ ኖቬምበር 10፣ ለመታሰቢያ ይበራል። በ1975 በዚያ ቀን ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ የምትባል 222 ሜትር የምትረዝም ማዕድን ጫኝ መርከብ በዚሁ ሐይቅ ላይ በማዕበል ሰጥማለች። የሰጠመችው ከዚህ ሩቅ፣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ካናዳ ክልል ውስጥ ነው። 29 ሰዎች ነበሩባት። አንድም አልተረፈም። አንድም አስከሬን አልወጣም። የሐይቁ ውኃ በጣም ስለሚቀዘቅዝ የሰመጠ ሰው እንደ ሌላ ቦታ ተንሳፎ አይወጣም። ስፕሊት ሮክ ላይ ከ1985 ጀምሮ በየዓመቱ ስማቸው ይጠራል።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ሕዝቡ ማማው ሥር ተሰበሰበ። መምሸት ጀምሯል፣ ንፋሱ አጥንት ይበሳል። አንድ ሰው ስም ይጠራል፣ ደወል አንዴ ይደወላል። ሌላ ስም፣ ሌላ ደወል። የሚያወራ የለም።

"ምንድን ነው የሚሉት?" አለችኝ እማዬ በሹክሹክታ።

"የሞቱትን ስም እየጠሩ ነው።"

"የተቀበሩት እዚህ ነው?"

"አልተቀበሩም እማዬ። አልተገኙም። ሐይቁ ውስጥ ነው ያሉት።"

ከጃኬቷ ሥር ነጠላዋን አውጥታ ራሷ ላይ አደረገች። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችኝም። በጣቶቿ ስትቆጥር ግን አየኋት። 29 ሲደርስ ስም መጥራቱ ቆመ፣ ደወሉ ግን አንዴ ተጨመረ።

"ይሄ ተጨማሪው የማን ነው?"

"በነዚህ ትልልቅ ሐይቆች ላይ ለሞቱት ሁሉ ነው። ለሌሎቹ።"

እማዬ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ስም ጠራች። የወንድሟን ስም።

አጎቴን አላውቀውም። በደርግ ጊዜ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ቤታችን ግድግዳ ላይ የወታደር ልብስ የለበሰበት ፎቶ አለ፤ እኛ ልጆቹ ስለሱ አንጠይቅም፣ እሷም አታወራም። መርዶው የመጣው አብሮት ነበርኩ ባለ ሰው አፍ ነው። መቃብር የለውም። በኔ ዕድሜ እማዬ ስሙን ጮክ ብላ ስትጠራ የሰማሁት ያን ቀን፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ፈረንጆች መሐል ነው።

ከዚያ መብራቱ በራ። በየአሥር ሰከንዱ አንዴ ብልጭ ይላል፤ ጨረሩ ጨለማው ላይ ይዞርና ተመልሶ ይመጣል። ሕዝቡን ወደ ማማው ያስወጣሉ፣ ማማውን በሌሊት በርቶ መውጣት የሚቻለው በዓመት ያን ቀን ብቻ ነው። ጠባቡን ጠምዛዛ ደረጃ እጇን ይዤ አወጣኋት። ከፓሪስ የመጣው ትልቁ ሌንስ አጠገብ ቆማ ወደ ሐይቁ ብዙ አየች።

መኪና ውስጥ ገብተን ማሞቂያው ሲሠራ "እኛም በኅዳር እናጤሳለን" አለች። ኅዳር 12ን ማለቷ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያን ሁሉ ሰው ጨርሶ ከሄደ ወዲህ በየዓመቱ ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠለውን። "እነሱ መብራት ያበራሉ፣ እኛ እናጤሳለን። ግን እነሱ ስም ይጠራሉ። እኛ ስም አንጠራም።"

ከዚያ ስለ አጎቴ ማውራት ጀመረች። ጣና ላይ በታንኳ ሲሸሽ እናቷ እንዴት እንደገረፈችው፣ ዋሽንት መንፋት እንደማይችል ግን እንደማይተው፣ ሲዘምት ጫማው ጠቦት እንደነበር። ሚኒያፖሊስ እስክንገባ አላቆመችም። እኔ መሪ ይዤ ማልቀሴን እንዳታይብኝ በጎን መስኮት ሳይ ነበር።

እማዬ በታኅሣሥ በትኬቷ ቀን ሄደች። ትኬቱን አላስቀየርንም።

መሄድ ለምትፈልጉ ላጠቃልል። በበጋ ጉዝቤሪ ፎልስ ለሕፃንም ለአዛውንትም ይመቻል። ቴተጉሽ የመኪና ፈቃድ ይጠይቃል፣ ጥሩ ጫማ አድርጉ። ሲልቨር ቤይ አልፋችሁ ፓሊሴድ ሄድ የሚባል ገደል አለ፣ ሐይቁ ከላይ ይታያል፣ አጥር ስለሌለው ልጆቻችሁን እጃቸውን ያዙ። ለቅጠሉ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ከተቻለ በሥራ ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ ማደሪያ አይገኝም። በጥር መጨረሻ በስሙ ጆን ቤርግሪስ የሚባል የውሾች ሸርተቴ ውድድር በዚያ ያልፋል። ሰውየው የኦጂብዌ ተወላጅ፣ የቢቨር ቤይ ነዋሪ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በውሻና በጀልባ ለዳርቻው ሰው ፖስታ ያደርስ ነበር። ለኖቬምበር 10 ደግሞ ትኬት አስቀድማችሁ ያዙ፣ ወፍራም ልብስ ልበሱ፣ ቡና በፔርሙዝ ያዙ።

ከቻላችሁ እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት አስቀመጥኩት፤ እናንተ አታስቀምጡት።

አሁን በየዓመቱ ኅዳር 1 እማዬ ትደውላለች። ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሰኝ "ሠላሳኛው ተደወለ?" ትለኛለች። "ተደወለ እማዬ" እላታለሁ። "ስሙን ጠራሽልኝ?"

እጠራለታለሁ።