እኛ የሳቅንበት ኪሎ

"እቴቴ ደሞ! አፍሽን ብትዘጊ ቢላዋ ምን ያስፈልግሻል?"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ በስልክ። ዝም አለች። ከዚያ "በይ ደህና እደሪ" ብላ ዘጋችው። ጥፋቴን ሳልደብቅ ላጫውታችሁ፤ እናንተም ቤት እንዲህ ያለ አፍ አይጠፋም።

እህቴ ቁመቷ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቷ 108 ኪሎ ነው። ደም ግፊት አለባት። ሌሊት ደግሞ ትንፋሿ ቁርጥ እያለ ከእንቅልፏ ትባንናለች። ሐኪሟ ጨጓራን የሚያሳንስ ኦፕራሲዮን አዘዘላት። ታዲያላችሁ እዚያ አገር ሐኪም ስላዘዘ ብቻ አይሆንም፤ ኢንሹራንሱ "እከፍላለሁ" ማለት አለበት። እሱ ደግሞ መስፈርቱ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ሒሳብ አለ። ኪሎን በሜትር ለተለካ ቁመት ማካፈል፣ የመጣውን እንደገና ለቁመት ማካፈል። 40 ከደረሰ ያልፋል፤ 35 ከሆነ እንደ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለ በሽታ አብሮ መኖር አለበት። የእህቴ 41 መጣ። ቀጥሎ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ቀርቦ መመርመር። ከዚያ ዋናው፦ 6 ተከታታይ ወር ሐኪም ፊት እየቀረቡ መመዘንና የበሉትን ማስመዝገብ። "እንጀራን በስንት ቁራጭ ዳቦ እንደምታስበው ባለሙያዋ ግራ ገባት" ብላ አስቃኛለች።

ሦስት ወር በደንብ ሄደች። በአራተኛው አባታችን አረፈ።

መጣች። ገና ከለቅሶው ድንኳን ሳትገባ "ውይ! አሜሪካ ተስማምታሻለች!" አሏት ዘመዶቻችን። "በር አይበቃሽም እኮ!" ያለም ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሷም ፈገግ አለች። የአርባውን ተዝካር አውጥታ ተመለሰች።

የአራተኛው ወር ቀጠሮ ግን አልፎ ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን አሟልቶ ቢልክም ከኢንሹራንሱ የመጣው ደብዳቤ "ተከታታይ የሚለው ተቋርጧል፤ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም" ይላል። በቃ፣ ከአንድ ጀምሪ! እያለቀሰች የደወለችልኝ ያን ማታ ነው። እኔም ያን ቃል የመለስኩላት ያን ማታ ነው።

ስታስቡት፣ ይቺ ሴት ሰነፍ ናት? መታመሟን በሒሳብ፣ በሚዛን፣ በሐኪም ፊርማ እንድታስረዳ ተጠይቃ ሁሉንም አድርጋለች። የጎደለባት አባቷን ለመቅበር የመጣችበት ወር ብቻ ነው።

በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። "ይግባኝ አለው" አለችኝ። እምቢታው በደረሰ በ180 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሱ ይግባኝ ይባላል፤ እሱም ካልሆነ ጉዳዩን ከድርጅቱ ውጪ ያለ ገለልተኛ ወገን እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። የአባታችንን የሞት ምስክር ወረቀት ያወጣሁት፣ አስተርጉሜ የላክሁት እኔ ነኝ። ተሰልፌ ስጠብቅ የድንኳኑ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ነበር።

መልሱ ገና ነው። እሷ እስከዚያው ከአንድ ጀምራ እየቆጠረች ነው፤ ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። በየቀጠሮዋ ዋዜማ እደውላለሁ። ስለ ኪሎዋ ትንፍሽ አልልም። "ነገ ነው አይደል?" ብቻ።

እናንተዬ፣ ከሩቅ የመጣን ሰው "ወፈርሽ" ከማለታችን በፊት "እንደምን ከረምሽ" እንበል እስቲ። ሚዛን ላይ ስንት ጊዜ እንደወጣች የምታውቀው እሷ ናት።