በቁና የተሰፈረ ብርሃን

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰላቸው ብዙ የገጠር ቤቶች አሉ። ከነዚህ ባንዱ ቤት አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር፣ በሰኔ ወር መጨረሻ ዝናም መንገድ ዘግቶባቸው በእንግድነት አደሩ።

በቤቱ ቆርቆሮ ላይ ከተገለጠ መጽሐፍ የማይሰፋ የሶላር ሰሌዳ ተቀምጧል። የፀሐይ ብርሃን በሰሌዳው ላይ ባረፈ ጊዜ የኤሌክትሪክ ኀይል ይሆናል፤ ኀይሉም በሽቦ ወርዶ በባትሪ ይጠራቀማል፤ ሲመሽም ሁለት አምፖል ያበራል፤ ስልክም ይሞላል። እንደ ኩራዝ ጋዝ አይጠጣም፤ ጥላሸትም የለውም። ነገር ግን ደመና በዋለበት ቀን ባትሪው ሳይጠግብ ስለሚመሽ፣ የቤቱ ሰዎች ብርሃኑን እንደ ክረምት እህል በቁና ሰፍረው ይኖሩበታል፤ መጀመሪያው ለራት፣ የተረፈው ለልጅቱ ጥናት ነው።

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትታይ ውላ ነበር። ራት ከተበላ በኋላ አባወራው አንዱን አምፖል አጥፍቶ፣ ሌላውን ወደ እንግዳው መደብ አስጠግቶ፣ «የኔታ፣ ዳዊትዎን ይድገሙበት» አለ። ለፈተና ታጠና የነበረችው ልጅም አንድ ቃል ሳትናገር ደብተሯን ዘጋች፤ አባትን መቃወምም፣ እንግዳን ማሳፈርም ነውር ነውና።

መምህሩ ይህን አዩ። እርሳቸው በልጅነታቸው ቀን በዱር ተቀምጠው የቈጠሩትን ቅኔ ማታ በጨለማ ለመምህራቸው እየነገሩ ያደጉ ናቸው፤ ያ ትምህርት ከቃል ወደ ቃል የሚተላለፍ ስለ ሆነ መብራት አይሻም ነበር። ስለዚህ፣ «ልጄ፣ ዳዊቱ በቃሌ አለ፤ አንቺ ግን ሒሳቡን በቃልሽ አትሠሪውም፤ መብራቱን ውሰጂ» አሏት። ባትሪው እስኪደክም ድረስ እርስዋ ስትጽፍ፣ እርሳቸውም በጨለማው ጥግ ሲደግሙ አመሹ።

ዐባይ የሚመነጨው ከዚሁ ከምዕራብ ጎጃም፣ ከሰከላ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ይሁን እንጂ ኀይልን ማመንጨት አንድ ሥራ፣ ምሰሶ ተክሎና ሽቦ ዘርግቶ በየደጃፉ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ዕቅድ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እስከ 2025 ድረስ 65 በመቶው ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ እንደ ሶላር ባለ ከመስመር ውጭ በሆነ መንገድ መብራት ያገኛል ብሎ ነበር። ቀጠሮው አለፈ፤ ብዙ ቤት ግን ዛሬም ይጠብቃል።

ሊነጋጋ ሲል ቤቱ በጭስ ታፈነ። የቤቱ እመቤት እንጀራ ልትጋግር እሳት አንድዳ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ያ ትንሽ ሰሌዳ ግን የዚህን መቶኛ እጅ እንኳ አያወጣም። መምህሩ ሲሰናበቱ ሴቲቱ በጭሱ ያለቀሰ ዐይኗን እየጠረገች፣ «የኔታ፣ ጨለማው እንኳ ቀለለልን፤ ጭሱን ማን ያንሣልን?» አለቻቸው። ብዙ ምሥጢር ሲፈቱ የኖሩት መምህር ለዚህ መልስ አጡ።

እንግዲህ ለገጠር ብርሃን ደረሰ የሚል ሰው፣ ማታ አምፖሉን ብቻ ሳይሆን ማለዳ ምድጃውንም ይመልከት፤ ፀሐይ ለልጅቱ ወጣች እንጂ ለእናቲቱ ገና አልወጣችምና።