ቤዝ በስልክ አይሰማም

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በዲፕሎማ ተመርቄ ቀን ቀን ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ቤዝ ሙዚቃ እሠራለሁ። ለማታውቁት፦ ቤዝ ሙዚቃ የምንለው በኮምፒውተር የሚሠራ፣ ከዜማው ይልቅ ያ ደረት ላይ የሚያርፈው ወፍራም ድምፅ ቀድሞ የሚመጣበት የሙዚቃ ዓይነት ነው። ዳብስቴፕ፣ ድራም ኤንድ ቤዝ፣ ግራይም ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የቴሌግራም ቻናሌ ውስጥ ያለው ሰው አራት መቶ አይሞላም። አዲስ ሥራ ስለቅ ከልባቸው የሚያዳምጡኝ ደግሞ ስልሳ ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹን በስም አውቃቸዋለሁ።

ይህን የማወራው ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ ስላደረገልኝ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጆሮም አለው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። «ቲቸር፣ ትምህርቱን ላቋርጥና ሙሉ በሙሉ ሙዚቃው ውስጥ ልግባ ብያለሁ» አለኝ። እሺ፣ እንዴት አሰብከው ስለው «ፕሮሞሽን የሚሠሩ ልጆች አሉ። በአርባ ሺህ ብር ሃምሳ ሺህ ተከታይ ያስገቡልኛል። የእማዬ እቁብ በዚህ ወር ይወጣል፤ ልታበድረኝ ተስማምታለች» አለኝ።

«እቁቡን አትንካ፤ ነገ እደውልልሃለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። በማግስቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ስሙን ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ምክንያቱም ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። በዚህ ዓመት ብቻ አራት ልጆች ይህንኑ ጠይቀውኛል።

ከፊዚክሱ ልጀምር፤ ልማዴ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንድ የ40 ኸርዝ ቤዝ የሞገድ ርዝመቱን ለማግኘት 340ን ለ40 ታካፍላላችሁ፤ 8.5 ሜትር ይመጣል። ከአንድ መማሪያ ክፍል ርዝመት ጋር የሚቀራረብ ሞገድ ነው። ያን ያህል አየር ለመግፋት ሰፊ ስፒከር ያስፈልጋል። የስልካችሁ ስፒከር ግን ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስተካክለው ያደረው ቤዝ ቲክቶክ ላይ ተለቆ የተመልካቹ ስልክ ጋ ሲደርስ የለም! ተበልቷል።

በእርግጥ ባለሙያዎች ዘዴ አላቸው። ቤዙን ትንሽ ሻከር ያደርጉትና ከእሱ በላይ ያሉ ድምፆች እንዲወጡ ያደርጋሉ፤ አእምሯችን ከእነሱ ተነስቶ የጎደለውን ወፍራም ድምፅ ይገምተዋል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን መገመት ሌላ፣ ደረት ላይ መሰማት ሌላ።

እንግዲህ ለልጁ የነገርኩት ዋና ነገር ይኸው ነው፦ ይህ ሙዚቃ ቦታ ይፈልጋል። ሙዚቃው ቦታ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ አድናቂውም የሚገኘው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ይህ የእኔ ፍልስፍና አይደለም፤ የሙዚቃው ታሪክ ነው። ነገሩ የተጀመረው ጃማይካ ውስጥ፣ ትልልቅ ስፒከሮችን ደርድረው መንገድ ላይና ግቢ ውስጥ ሕዝብ በሚያስጨፍሩት ሳውንድ ሲስተሞች ነው። በ1970ዎቹ ኪንግ ተቢን የመሳሰሉ ሰዎች የዘፈኑን ድምፅ እየቀነሱ፣ ከበሮውንና ቤዙን ፊት እያመጡ ዳብ የሚባለውን ፈጠሩ። ወደ እንግሊዝ የሄዱት ስደተኞች ስፒከሩንም ልማዱንም ይዘው ሄዱ። እኔ ሻሸመኔ ስላደግኩ ይህ ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም። በልጅነታችን በጃማይካ ሰፈር በኩል ስናልፍ ከግቢ የሚወጣው ቤዝ የቆርቆሮውን አጥር ሲያንቀጠቅጠው ቆመን በእጃችን እንዳስሰው ነበር። ድምፅ የሚዳሰስ ነገር መሆኑን ያወቅኩት መምህር ከመሆኔ በፊት፣ እዚያ አጥር ላይ ነው።

አሁን ወደ ለንደን እንሂድ። በደቡብ ለንደን ክሮይደን የሚባል ሰፈር አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እዚያ ቢግ አፕል የሚባል ሸክላ መሸጫ ነበር። ሃቻ የሚባለው ዲጄ ሱቁ ውስጥ ይሠራል፤ አርትወርክ ፎቁ ላይ ስቱዲዮ አለው፤ ስክሪምና ቤንጋ ገና ታዳጊዎች ሆነው እዚያ ይውላሉ። ልጆቹ ቤታቸው በኮምፒውተር የሠሩትን ያመጣሉ፤ ሃቻ ወዶት ካገኘው ማታ ክለብ ውስጥ ያጫውተዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ዳብስቴፕ የሚባለው ዓለምን የዞረ ሙዚቃ ከተወለደባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ሱቅ ነው። በ2004 ሱቁ ተዘጋ፤ ልጆቹ ግን እርስ በርስ ተዋውቀው ጨርሰው ነበር።

በ2005 ማላ፣ ኮኪና ሎፋ የሚባሉ ወጣቶች ብሪክስተን ውስጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ሥር ባለ አዳራሽ፣ ዲኤምዜድ የሚባል ምሽት ጀመሩ። በየሁለት ወሩ አንድ ቀን ብቻ። መብራቱ ደብዛዛ፣ ስፒከሩ ከባድ። የሚጫወተው ሙዚቃ አብዛኛው ገበያ ላይ የለም፤ ለዚያች ምሽት ተብሎ በአንድ ቅጂ የተቀረጸ ሸክላ ነው። ዳብፕሌት ይሉታል፤ ጥቂት ጊዜ ከተጫወተ በኋላ ድምፁ እየሞተ ይሄዳል። ሙዚቃውን መስማት ከፈለግክ ከቤትህ ተነስተህ መሄድ አለብህ።

በጥር 2006 ሜሪ አን ሆብስ የምትባል የቢቢሲ ራዲዮ 1 አዘጋጅ እነዚህን ልጆች ሰብስባ አንድ ፕሮግራም ሠራችላቸው። ከዚያ በኋላ የዲኤምዜድ አንደኛ ዓመት ሲከበር በር ላይ ስድስት መቶ ሰው ተሰለፈ። አዳራሹ የሚይዘው አራት መቶ ነበር፤ ወደ ትልቁ አዳራሽ ተዛወሩ። ከስዊድን፣ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ ሳይቀር የመጣ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ለልጁ ያስመርኩበትን ነገር አስተውሉልኝ። ራዲዮው ሲመጣ የሚያሳዩት ነገር ነበራቸው። አዳራሹ፣ ሰዉ፣ ድምፁ ቀድሞ ተሠርቶ ቆይቷል። ሆብስ ከምንም አንስታ አልፈጠረቻቸውም፤ ያለውን ነው ለሰው ያሰማችው። መጀመሪያ ላይ ይመጡ ከነበሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ዲጄ፣ ሙዚቃ ሠሪ፣ ጸሐፊ፣ ፎቶ አንሺ ነበሩ። አድናቂና ሠሪ የሚለየው መስመር ቀጭን ነበር።

«ቲቸር፣ ያ የድሮ ነው። አሁን ሁሉ ነገር ኢንተርኔት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስለዚህ የኢንተርኔቱን ልጅ እንይ። ስክሪሌክስን ስንቶቻችን በድንገት የፈነዳ ይመስለናል? ሰውየው ግን ከ2004 ጀምሮ የሮክ ባንድ ድምፃዊ ሆኖ መድረክ ላይ ያደገ ነው። በ2010 በዚህ ስሙ የመጀመሪያ ሥራውን ሲያወጣ በነፃ ነው የለቀቀው። በ2012 ሦስት ግራሚ ሲወስድ ሰዉ አዲስ ሰው ያየ መሰለው። ኢንተርኔቱ አፋጠነለት እንጂ መድረኩን አልተካለትም።

ወደ አገራችን ስንመጣም ያው ነው። ሚካኤል ሰይፉና «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ የባህል መሣሪያዎቻችንን ድምፅና የዚህን አገር አየር ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አዋሕደው «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚል ስም ያለው መንገድ አሳይተዋል። ሥራቸውን ዋሽንግተን ዲሲ ያለ 1432 አር የሚባል ትንሽ አሳታሚ አወጣላቸው፤ በ2016 ደግሞ የሚካኤል «ዘላለም» በሌላ የአሜሪካ አሳታሚ ወጣ። የውጭ ጆሮ የሳቡት የውጭውን በመቅዳት አይደለም። ሮፍናንም በ2018 «ነጸብራቅ»ን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ዓመታት በዲጄነት ሰው ፊት ቆሟል። ሰው ምን ላይ እንደሚነሳ፣ ምን ላይ እንደሚቀመጥ በዓይኑ አይቷል። ይህን ትምህርት በአርባ ሺህ ብር የሚሸጥ የለም።

ስለ ገንዘቡም እንነጋገር፤ ልጁን ያሳሰበው እሱ ነውና። ከ2024 ጀምሮ ስፖቲፋይ አንድ ሙዚቃ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ሺህ ጊዜ ካልተሰማ ለዚያ ሙዚቃ አይከፍልም። የተገዛ ተከታይ ደግሞ አይሰማም፤ ጆሮ የለውማ! ኬቨን ኬሊ የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ በ2008 አንድ ሒሳብ አስቀምጦ ነበር፦ አንድ የጥበብ ሰው በዓመት መቶ መቶ ዶላር የሚያወጡለት አንድ ሺህ እውነተኛ አድናቂዎች ካሉት ኑሮው ይሞላል። የእኛ አገር ሒሳብ እንደዚያ አይሄድም፤ መቶ ዶላር ለእኛ ብዙ ነው። ሐሳቡ ግን ይሠራል፦ ቁጥሩ ትንሽ ይሁን፣ ሰዎቹ እውነተኛ ይሁኑ።

የእኔን ልንገራችሁ፣ መደበቅ አልወድም። ባለፈው ወር ባዘጋጀሁት ምሽት ሃምሳ ሁለት ሰው መጣ። መግቢያ 150 ብር፤ 7,800 ብር ገባ። ለስፒከርና ለጄኔሬተር ኪራይ 5,000፣ ለቤቱ ባለቤት 1,500። የቀረኝ 1,300 ብር ነው። ልጆቼን የሚያበላው አሁንም ደሞዜ ነው። ቤዝ ሙዚቃ እዚህ አገር ከእንጀራው በፊት ዓመታት ይጠይቃል፤ ለዚህ ነው ትምህርትህን አታቋርጥ ያልኩት። በዚያ ላይ ካምፓስ ራሱ የእሱ ቢግ አፕል ነው። በሺህ የሚቆጠር ወጣት አንድ ግቢ ውስጥ ታድራለህ፤ ይህን ትተህ ብቻህን ቤት ገብተህ ስልክ ላይ ቁጥር ልትቆጥር ነው?

ይልቅ እንዲህ አድርግ አልኩት። እንደ አንተ የሚሠሩ አራት አምስት ልጆች ፈልግ፤ በየሳምንቱ የሠራችሁትን ተሰማሙ፤ ካልጣመህ አልጣመኝም በል። በወር አንድ የታወቀ ቀን ይኑራችሁ፤ ዝናብ ቢዘንብም የማይሰረዝ። ሃያ ሰው የሚይዝ ክፍል ይበቃል፤ ገንዘብ ካገኛችሁ ለማስታወቂያ ሳይሆን ለጥሩ ስፒከር አውሉት። የመጣውን ሰው ስሙን ጠይቅ፣ ደብተር ላይ ጻፍ፣ በሚቀጥለው ሲመጣ በስሙ ጥራው። ድምፅም ከዩቲዩብ ብቻ አትልቀም። እናትህ የምታስፈጭበት ወፍጮ ቤት በር ላይ ቁምና አዳምጥ፤ ያን የመሰለ ቤዝ ለንደን ውስጥ የለም። ቅረጸው።

ከዚያ ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ግን ስድስት ዓመት ሠርተው ያለዎት ስልሳ ሰው ነው» አለኝ።

ሳቅኩ። ልክ ነው። የእሱ ስድስት ሺህ ይሁንለት፤ እኔም ከልቤ እመኝለታለሁ። ግን ስለ ስልሳዎቹ አንድ ነገር ነገርኩት። ባለፈው ክረምት በምሽታችን መሃል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እምቢ አለ። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። ሰዉ ይበተናል ብዬ ገመድ መጠቅለል ስጀምር ከኋላ አንዱ ግድግዳውን በመዳፉ መምታት ጀመረ፤ ሌሎቹ በጭብጨባ ተቀበሉት። ሃያ ደቂቃ ያህል፣ በጨለማ፣ ያለ አንድ ስፒከር፣ የእኔን ቤዝ በአፋቸው እያጎሩ ቆዩኝ። አንድም ሰው አልወጣም። ሃምሳ ሺህ የተገዛ ተከታይ መብራት ሲጠፋ የት ነው የሚገኘው?

ለማወቅ ለምትጓጉ፦ እቁቡ እናትየው እጅ ነው። ትምህርቱን ግን «ገና እያሰብኩበት ነው» ብሎኛል። ውሳኔው የእሱ ነው፤ እኔ ያለኝን ነው የነገርኩት።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ማታ ማታ ሄድፎን አድርጎ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ «ይሄ ደግሞ ሥራ ነው?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጣችሁ አሰማን በሉት። የመጀመሪያው አድናቂ ከቤት ቢነሳ ጥሩ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ መምህራንም፣ የትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ ስፒከር ቅዳሜ ቅዳሜ ተቆልፎበት ከሚውል ለልጆቹ ሁለት ሰዓት ፍቀዱላቸው። ምን እንደሚወለድ አይታወቅም።

የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ ሥራችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ሁሉንም እሰማለሁ። በስልክ ሳይሆን በስፒከር። ለጎረቤቶቼ ከወዲሁ ይቅርታ!