«የምርህን ነው አባባ?»

ከአዳማ ስንመለስ የልጅ ልጄ ኮረብታው ላይ የሚዞሩትን ነጫጭ ክንፎች አይታ፣ «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ቬንትሌተር ማንን ነው የሚያቀዘቅዘው?» አለችኝ። «ገበሬዎቹን» ብዬ ቀለድኩ። አምናኝ ትምህርት ቤት ተናገረች፤ ልጆቹ ሳቁባት። ማታ አኩርፋ አላናግርህ አለችኝ።

ልጅ ያመነኝን ቀልድ መመለስ ነበረብኝ። የድሮ ብስክሌቴን ከነዲናሞው ከዕቃ ቤት አወጣሁ። (እናቷ ስለ አቧራው ያለችውን እንተወው።) ጎማውን ሳሽከረክር አምፖሉ በራ። «ቬንትሌተር መብራት በልቶ ነፋስ ይሰጣል፤ የአዳማው ነፋስ በልቶ መብራት ይሰጣል» አልኳት። ነፋሱ ክንፎቹን ይገፋል፤ ክንፎቹ ጄኔሬተሩን ያዞራሉ፤ እዚያ ውስጥ ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲሽከረከር ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል።

«ነፋሱ ሲያርፍስ?»

«ያን ጊዜ የግቤ ውኃ አለ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «የምርህን ነው?»