«አይተውናል» ብለን ነበር

እኛ የቆሰበር ልጆች ስለ ጀልባ እንጽፋለን ብንል አንባቢ ሳይስቅብን አይቀርም። አገራችን ደጋ ነው፤ የሚታወቀውም በገብሱ፣ በቀርከሃውና በፈረሱ ነው። ዘንገና ሐይቅ በአቅራቢያችን አለ፤ ነገር ግን ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነውና ከዳር ቆመን ከማየት በቀር ደፍረን አልገባንበትም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ሌላ ውሃ ነው፤ ጣና።

ባለፈው ጥር ፈተናው ካለቀ በኋላ፣ ሦስት የአገር ልጆች አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከባሕር ዳር ዳርቻ በደንገል ታንኳ ተሳፈርን። ቀዛፊው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መቅዘፊያቸው ቀርከሃ መሆኑን ባየን ጊዜ «ይህስ የአገራችን ዛፍ ነው!» ብለን ኮራን። ውሃው ጸጥ ያለ ነበር። ፀሐይዋ ገና ከአድማስ ብቅ ማለቷ ስለ ነበረ የውሃው ፊት እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር።

ጥቂት እንደ ሄድን አንድ የሞተር ጀልባ መንገደኞች ጭኖ ፊቱን ወደ ፀሐይዋ አድርጎ ወደ እኛ መጣ። «አይተውናል» አልን። ከመካከላችን አንዱ ነጠላውን አንሥቶ አውለበለበ፤ ተሳፋሪዎቹም እጃቸውን እያውለበለቡ መለሱልን! ለካስ ሰላምታ መስሏቸዋል። ነጂው ግን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለም። ሽማግሌው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ታንኳዋን ወደ ደንገሉ ዳር አዙረው በኃይል ገፏት። ጀልባው በጥቂት ክንድ ርቀት አለፈ። ወዲያው ሞተሩ ያስነሣው ማዕበል ሲመጣ የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ መለሱት። ጎናችንን ሰጥተነው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ ሌላ ሰው በሆነ ነበር፤ ከሦስታችን መዋኘት የሚያውቅ አንድም የለምና። እስከ ጉልበታችን ረጠብን። አንድ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍም አብሮን ረጠበ፤ የእርሱን ዕዳ እስከ ዛሬ እየከፈልን ነው።

ሽማግሌው ትንፋሻቸው ሲመለስ «ልጆቼ፣ አይቶኛል ብላችሁ አትሂዱ፤ አላየኝም ብላችሁ ሂዱ» አሉን።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ማንበብ ጀመርን። የባሕር ላይ ግጭትን ለመከላከል የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ በ1965 ዓ.ም. ለንደን ላይ ተወስኖ በ1969 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። ደንቡ የተጻፈው ለባሕርና ከባሕር ለሚገናኝ ውሃ ነው፤ ጣናን አይገዛም። ትምህርቱ ግን ለጣናም ይበቃል። በሞተር የሚሄድ መርከብ በሸራ ለሚሄድ ጀልባ መንገድ ይለቃል። ነገር ግን በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ከዚያ ወጥቶ መሄድ የማይችለውን ትልቅ መርከብ ባለ ሸራውም ሆነ ከ20 ሜትር የሚያንሰው ጀልባ ሊያሰናክለው አይገባም። እንግዲህ ደንቡ ለደካማው ብቻ አያደላም፤ የእያንዳንዱን አቅም ይመዝናል። ትልቅ መርከብ ፈጥኖ መቆም አይችልም፤ ከአፍንጫው ሥር ያለውንም ትንሽ ነገር ነጂው ከላይ ሆኖ አያየውም።

ሌላም አለ። ከሩቅ የሚታይ መርከብ አቅጣጫው ሳይለወጥ እየተለቀ ብቻ ከመጣ ግጭት እየቀረበ ነው። ያን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ቀደም ያለ፣ ሌላውም በግልጽ ሊያየው የሚችል መሆን አለበት።

ይህን ስናነብ ትዝ ያለን አገራችን ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ፈረሰኛው ሜዳውን ይሞላዋል። አባቶቻችን ፈረስ ሲያስተምሩን «ስትዞር አስቀድመህ ዙር፤ ሌላው እንዲያይህ አድርገህ ዙር» ይሉን ነበር። ለንደን የተጻፈውን እኛ ቆሰበር ሳለን ሰምተነው ነበር ማለት ነው፤ ውሃ ላይ ግን ረሳነው።

መሣሪያ ብቻውን እንደማያድንም ልብ እንበል። ሐምሌ 18 ቀን 1948 ዓ.ም. «አንድሪያ ዶሪያ» እና «ስቶክሆልም» የተባሉት መርከቦች በራዳር እየተያዩ በአሜሪካ ጠረፍ አጠገብ ተጋጭተው 51 ሰዎች ሞተዋል። ሁለቱም ሌላው የሚያደርገውን ያወቁ መስሏቸው ነበር። ከውሃው እምብዛም ከፍ የማትለው የደንገል ታንኳማ ለራዳርም አትታይ።

ወደ ሽማግሌው ተመልሰን ያነበብነውን አጫወትናቸው። «እንግዲህ የባሕሩ ደንብ ለትንሹ ያስባል» አልናቸው። ፈገግ ብለው «ደግ ነው። ግን ደንቡ መዋኘት ያውቃል?» ብለው ጠየቁን። መልስ አላገኘንም።

እኛ ተማሪዎች ስለ መብት መናገር እንወዳለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን መብት አለኝ ብሎ መንገድ ላይ መቆም አንድ ነገር ነው፤ መብትን በሕይወት ሆኖ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌው በዚያች ማለዳ መንገዳቸውን የለቀቁት ፈሪ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ሦስት የሰው ልጆች ስለ ጫኑ ነው። ይህ ግን የሞተር ጀልባ ነጂውን ከኃላፊነት አያወጣውም። እርሱም የጫነው ሰው ነው፤ ፀሐይ ዓይኑን ስትወጋው ፍጥነቱን መቀነስ፣ አንድ ሰው ከፊት አስቀምጦ ማሳየት ይገባው ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በዕረፍት ቀን ወደ ውሃው የሚሄድ ተማሪ ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበስ። በታንኳ ሲሄድ ደማቅ ጨርቅ በእንጨት ላይ ያቁም፤ ከመሸም የእጅ ባትሪ ይያዝ። በመቅዘፊያ የሚሄድ ትንሽ ጀልባ ሌላ መብራት ባይኖረው፣ ግጭት ሳይደርስ የሚያሳየው የእጅ ባትሪ ወይም ፋኖስ እንዲያዘጋጅ የባሕሩ ደንብ ራሱ ያዛል። ማኅበሩም ጀልባ ነጂዎችንና ታንኳ ቀዛፊዎችን አንድ ቀን ጠርቶ ፊት ለፊት ቢያነጋግር ወጪው ከአንድ የሻይ ግብዣ አይበልጥም።

ያን ቀን የተሰናበትናቸው ሽማግሌ በማግሥቱም ወደ ውሃው ወርደዋል፤ እንጀራቸው ነውና። እኛ አንድ ማለዳ የፈራነውን እርሳቸው በየቀኑ ይቀዝፉበታል። በሚመጣው ዕረፍት ከቆሰበር ስንመለስ አንድ ጠንካራ ቀርከሃ እናመጣላቸዋለን፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረን።